ሕግ፥ መሣሪያና ደዌ በታሪክ ጸሐፊዎች ሚዛን

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሚዛን እንደ ያዘ ነጋዴ ነው። ወርቁን ብቻ መዝኖ እህሉን ሳይመዝን ቢቀር፥ ሰው ሁሉ የሚኖረው በእህል ነውና፥ ሚዛኑ ለጥቂቶች እንጂ ለብዙዎች አይጠቅምም። የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት የነገሥታቱን ልደትና ዕረፍት፥ የጦርነቱን ቀንና ስፍራ፥ የሹመትንና የሽረትን ነገር በብዙ ድካም ጽፈው ለትውልድ አስተላልፈዋል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አንድ የቦረና ገበሬ ከመካነ ሰላም ገበያ እህሉን ሸጦ ሲመለስ፥ ፊደል የቈጠረው ልጁ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን ቢያነብለት ስለ አባቶቹ ኑሮ ምን ይሰማል? የአያቱን ግብር ማን እንደ ወሰነው፥ ማረሻው ከማን እጅ እንደ ወጣ፥ የቤተ ሰቡን እኩሌታ የጨረሰው ጦር ይሁን ፈንጣጣ፥ መጽሐፉ ይነግረዋልን? የታሪክ ጸሐፊዎችን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም።

ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክን የጻፉት በዚሁ መንገድ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ የግብፅን ረኃብ ሲተርክ፥ ሕዝቡ አስቀድሞ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን እንደ ሰጠ፤ ዮሴፍም ከመከሩ አምስተኛው እጅ ለንጉሡ እንዲገባ ሕግ እንዳቆመ፤ የካህናቱ መሬት ብቻ ከዚህ ሕግ ነጻ ሆኖ እንደ ቀረ በዝርዝር ይናገራል። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ፥ በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ሊያስል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበረ፥ በሰልፍም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍና ጦር የያዘ እንዳልተገኘ ይመሰክራል። ያው መጽሐፍ በ5ኛውና በ6ኛው ምዕራፍ፥ የፍልስጥኤም አለቆች ታቦተ ጽዮንን ለመመለስ የመከሩት በጦር ተሸንፈው ሳይሆን፥ የእግዚአብሔር እጅ ከብዳባቸው በደዌ ስለ ተጨነቁ እንደ ሆነ ይገልጻል። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሕግ፥ መሣሪያና ደዌ ከንጉሥና ከጦር ያላነሰ ቦታ አላቸው። ረኃቡ ሕግን ወለደ፤ የብረት ሠሪ መጥፋት ጦሩን አደከመ፤ ደዌው የአለቆችን ምክር ለወጠ።

በዚህ ሚዛን የሀገሪቱን የታሪክ መጻሕፍት ለመመዘን ከዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች መጀመር ይገባል። በግእዝ ፈንታ በአማርኛ ከተጻፉት የነገሥታት ታሪኮች ቀደምቶቹ እነርሱ ናቸው፤ የንጉሡም ፍጻሜ የሆነው በዚሁ በምዕራብ ወሎ ደጋ፥ ከመካነ ሰላም በሰሜን ምሥራቅ በኩል በሚገኘው በመቅደላ አምባ ነው። አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ሁለቱም አጻጻፋቸው አጭርና ሕይወት ያለው ነው። አለቃ ዘነብ ከፍጻሜው ሳይደርሱ ያቆማሉ፤ አለቃ ወልደ ማርያም እስከ ንጉሡ ሞት ይዘልቃሉ። ከዚያ ዘመን ሕጎች ሁሉ ይልቅ ጐልቶ የተተረከው የቤተ ክርስቲያን መሬት ክርክር ነው። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ፥ የቀረው መሬት ለገባር ይሰጥ ማለታቸው፥ ካህናቱም አጥብቀው መቃወማቸው በትውልድ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ነገር እንዲህ ሊታወስ የቻለው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የቤተ ክህነት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ሕጉ የማዕዳቸውን ነገር ስለ ነካ ብዕራቸው ነቃ። ገበሬው ግን ወታደር በቤቱ ሲሰፍርበትና ጐተራው ሲበረበር የሚጽፍለት ደብተራ አልነበረውም። እንግዲህ የመጀመሪያው ነቀፋ ይህ ነው፤ ሕግ በታሪክ መጽሐፍ የሚገባው የጸሐፊውን ወገን ሲነካ ብቻ ከሆነ፥ መጽሐፉ የአንድ ወገን ታሪክ እንጂ የሀገር ታሪክ ሊባል አይችልም።

የመሣሪያና የደዌ ነገርም በዚያው ዘመን ተገናኝቶ ይገኛል። በ1858 ዓመተ ምሕረት ኮሌራ በጣና ዳር፥ በቆራጣ ሰፍሮ በነበረው ሠራዊት መካከል ገባ፤ ንጉሡም ሰፈራቸውን ለቀው ወደ ደጋ ወጡ። ስለዚያ ዘመን የሚያነብ ሰው የሠራዊቱን መመናመን በክዳትና በቍጣ ሲተረጐም ያገኘዋል፤ ደዌው ስንቱን እንደ ወሰደ ግን ብዙ የሚነግረው የለም። ከዚያ በኋላ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆች ያፈሰሱት፥ ሴባስቶፖል የተባለው፥ ወደ 70 ኩንታል የሚገመት መድፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓመተ ምሕረት በሰው ጕልበት ተጐትቶ፥ የጅዳንና የበሸሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ድንጋዩን የፈለጠውና ዳገቱን የጠረገው ሕዝብ በስሙ አልታወቀም። መድፉም የተደከመበትን ያህል አልረዳም። እንግሊዞች በዙላ ወደብ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፥ ቴሌግራፍ ተክለው፥ ከኋላው የሚጐርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፥ በስቅለት ዕለት፥ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፥ ከእንግሊዝ ወገን በቍስል የሞቱት 2 ብቻ እንደ ነበሩ በጽሑፋቸው ይገኛል። በሦስተኛውም ቀን፥ ሚያዝያ 6፥ ንጉሡ በአምባው ላይ ሞቱ።

የሀገር ጸሐፊ ይህን ሽንፈት በኃጢአትና በክዳት ይተረጕመዋል፤ የውጭ አገር ጸሐፊ በጠመንጃው ብልጫ ይተረጕመዋል። ሁለቱም ያላነሡት ጥያቄ ግን አለ። የጋፋት ብልሃት ለምን በመድፍ ብቻ ቀረ? መድፍ ያፈሰሰ እቶን ማረሻም ሊያወጣ ይችል ነበር። በወሎ ደጋ ማረሻውን፥ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ ኖረ፤ መሬት አይሰጡትም፥ አይጋቡትም፥ ነገር ግን ያለ እርሱ እጅ አንድ ጥማድ በሬ አይታረስበትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ገደማ፥ ሠራተኛውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ይህ ዐዋጅ ከብዙ ጦርነት ይልቅ ታሪክ ነው፤ በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ አልነበረም ተብሎ የተጻፈው እንዲህ ያለ ንቀት ባለበት አገር ሁሉ ሊደገም ይችላልና። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከአንድ መስመር በላይ ቦታ ያገኘ አይመስልም። በአድዋ ዘመን 100 ሺህ ያህል ይገመት የነበረው ጠመንጃ ከባሕር ማዶ ሲገባ፥ ሞፈሩ፥ ቀንበሩና ድግሩ በአያት ቅድመ አያት እንደ ነበሩ መቅረታቸውን ያስተዋለ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ሕግ ወደ ሰው ልብ ሊገባ ሲሞክር ምን እንደሚሆን የምዕራብ ወሎ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1870 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የተዋሕዶ ሃይማኖት ጸና፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ተባሉ፤ ሼክ ጠልሃ ግን ዐዋጁን ተቃውመው ተነሡ። የጉባኤውን ክርክር፥ ማን ምን እንደ ጠየቀና ማን ምን እንደ መለሰ፥ የቤተ ክህነት ጸሐፊዎች በትጋት ጠብቀውታል። ዐዋጁ በቦረና፥ በወግዲ፥ በከላላ፥ በለጋምቦና በሳይንት በየጎጆው ሲገባ ያደረገውን ግን በመጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ማዕድ ተለያዩ፤ አንዳንዱ መሬቱን ለማዳን ተጠመቀ፤ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ሄደ፤ አንዳንዱም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ተባለ። እምነት በስብከትና በምግባር እንጂ በጭፍራ እንደማይተከል ሐዋርያት በሥራቸው አሳይተዋል። ዛሬ በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በለቅሶና በሠርግ ሳይለያይ፥ በዝምድና ተሳስሮ የሚኖረው በዐዋጁ ኀይል ሳይሆን ዐዋጁ ባቈሰለው ስፍራ ሕዝቡ ራሱ በሠራው ሽምግልና ነው። ይህን ሽምግልና የሚጽፍ ሰው ከጉባኤው ክርክር ያላነሰ ታሪክ በእጁ አለ።

የነገሩ ዋና ማስረጃ ግን ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ነው። በ1880 ዓመተ ምሕረት ገደማ ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡት ከብቶች ጋር የከብት እልቂት ወደ ሀገር ገባ። ደዌው ከትግራይ ወደ ወሎ፥ ከወሎ ወደ ሸዋና ወደ ደቡብ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ወረደ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። የጤፍ ማሳ ሦስትና አራት ጊዜ ካልታረሰ እህል አይሰጥም፤ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ይህን በእጁ ሊያደርግ አይችልም። ዝናብ ሳይጠፋ መሬቱ ጦም ያደረባቸው ቦታዎች ነበሩ። በላዩ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረ፤ የደከመውን ሰው ፈንጣጣ፥ ኮሌራና ተስቦ ተቀባበሉት። እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት የቈየው ይህ መከራ ከማንኛውም ውጊያ የበለጠ ሰው ጨርሷል።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪካቸው ይህን መከራ ሳያነሡ አላለፉም፤ በዚህ ከብዙዎች ይበልጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ለማስተማር ራሳቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው የሚታወስ ነው። ነገር ግን መከራው በመጽሐፉ እንደ አንድ አሳዛኝ ምዕራፍ ተጽፎ ይዘጋል፤ ከፊቱና ከኋላው ካለው ነገር ጋር አይተሳሰርም። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881፥ በዚሁ በወሎ ምድር፥ እልቂቱ በበረታበት ወራት ነው። ስለ 17ኛው አንቀጽ ትርጕም ብዙ ቀለም ፈሷል፤ ውሉን የተፈራረመው ሕዝብ በዚያ ዓመት በሬ እንዳልነበረው ግን ማን አስተዋለ? በመስከረም 1888 ዓመተ ምሕረት የታወጀው የክተት ዐዋጅም፥ ሠራዊቱ በወረ ኢሉ እንዲከት የታዘዘበት፥ በየትምህርት ቤቱ በቃል ይጠናል፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሚስት የተነገረው ቃል ይደገማል። በዚያው ዐዋጅ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የከብቱን ማለቅና የሕዝቡን መድከም አይተው እስከዚያ ቀን መታገሣቸውን እንዳስነገሩ ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። ንጉሡ ራሳቸው የጦርነቱን ቀን በከብቱ ደዌ ቈጥረውታል፤ የኋላ ጸሐፊዎች ግን ደዌውን ከጦርነቱ ለይተው ጻፉት።

ሕጉም ከመከራው በኋላ ተከተለ። ወታደር በገባር ቤት እየተሠራ መብላቱ በተራበው አገር የማይቻል ስለ ሆነ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ገበሬው ከመከሩ አሥረኛውን እጅ ወደ መንግሥት ጐተራ እንዲያስገባ አዘዙ። የአሥራት ሕግ በጐ አሳብ ነበረው፤ ዓላማው ገባሩን ከወታደር መዳፍ ማዳን ነው። ነገር ግን በብዙ አገር አሥራቱ ሲጨመር የወታደሩ መስፈር ፈጥኖ አልቀረም፤ ገበሬው በሁለት በኩል ሰጠ። ዘፍጥረትን የሚያነብ ካህን ይህን ነገር ሲሰማ ዮሴፍን ያስታውሳል፤ በዚያ አምስተኛው እጅ፥ በዚህ አሥረኛው እጅ፥ በሁለቱም ስፍራ ረኃብ ያወጣው ሕግ ረኃቡ ካለፈ በኋላ ኖረ። ኦሪት ይህን በአንድ ምዕራፍ አስተሳስሮ ሲያሳይ፥ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊ የከብቱን ደዌ በአንድ ገጽ፥ አሥራቱን በሌላ ገጽ፥ ውሉን በሦስተኛው ገጽ በተነው። ጕድለቱ ያለው እውነቱን በመሰወር ሳይሆን ባለማስተሳሰር ነው።

ማስተሳሰርን ካስተማሩት መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። በ1911 ዓመተ ምሕረት በወጣትነታቸው ያረፉት እኒህ ሰው፥ ከሞታቸው በኋላ በ1916 በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው፥ የሕዝብ ድህነት ከዕውቀትና ከመሣሪያ ማነስ፥ ከሥርዓት የለሽ ግብርና ካልተስተካከለ ንግድ እንደሚመጣ አስረድተዋል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙን በርካሽ እንደሚሰጥ፥ ግብሩ ያልተወሰነ ገበሬም ተግቶ ሊሠራ እንደማይችል በምሳሌ አሳዩ። ከሦስቱ ሁለቱን፥ ማለት ሕግንና መሣሪያን፥ ከርሳቸው በፊት እንዲህ አጥርቶ ያገናኘ የለም። ነገር ግን እኒህ ሊቅ በጀርመን አገር ሕክምና የተማሩ ሆነው ሳለ፥ ደዌ በመጽሐፋቸው እንደ ንግድና እንደ ዕውቀት ያለ ስፍራ አላገኘም። ሕፃንነታቸው በክፉ ቀን ውስጥ ያለፈ ሰው፥ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ በዕውቀት ማነስ ብቻ እንዳልደኸየ ቢጽፉልን ኖሮ፥ ትምህርታቸው ይበልጥ ምሉዕ በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የኅዳር በሽታ ነው። በሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው ወሎ ካዘነ በኋላ፥ ሁለት ዓመት ጥቂት አልፎ፥ በኅዳር 1911 በዓለም ሁሉ የተነሣው ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በከተማይቱ የሞተው ሰው እስከ 10 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል፤ አልጋ ወራሹም ታመው ነበር። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ደዌው መርከቡንና ባቡሩን ተከትሎ ሲዛመት ታይቷል። ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ጽፈው ማቈየታቸው ታላቅ ውለታ ነው፤ ቀባሪ መጥፋቱን፥ ቤት መዘጋቱን፥ የከተማውን ዝምታ ከርሳቸው ጽሑፍ መረዳት ይቻላል። ሌሎች መጻሕፍት በዚያ ወራት የጻፉት የመኳንንቱን ሽኩቻ ነው። ሕዝቡ ግን መጽሐፍ ሳይጠብቅ መታሰቢያውን ራሱ ሠራ፤ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጥናል። ዛሬ ጭሱን የሚያጨስ ልጅ ምክንያቱን ሳያውቀው እንኳ ከታሪክ መጻሕፍት አንዱ የዘለለውን ምዕራፍ በየዓመቱ ያነባል።

በኋለኛው ዘመን የተሻለ ትጋት ታይቷል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ከኻያኛው መቶ ዓመት በፊት የነበረውን የረኃብና የወረርሽኝ ታሪክ ሰብስበው በ1977ቱ ረኃብ ዘመን በአዲስ አበባ አሳተሙ። ስለ ክፉ ቀንም የጻፉት ጥናት ለሁሉ መሠረት ሆኖ ይኖራል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ በ1970ዎቹ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ረኃብ የሚመጣው ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ እንዳይደለ፥ ገበሬውን ተቀማጭ እንዳይኖረው አድርጎ ከሚያስቀረው አስተዳደርና ኑሮ እንደ ሆነ ተከራከሩ። በሁለቱም ሥራዎች ላይ ሁለት ነገር ይነቀፋል። የመጀመሪያው፥ የፓንክኸርስት ምስክሮች በብዛት የውጭ አገር መንገደኞች ናቸው፤ መንገደኛ ደግሞ ባለፈበት መንገድ ዳር ያለውን እንጂ በሳይንት ገደል ውስጥ ያለውን መንደር አያይም። ሁለተኛው፥ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፉ፥ የተጻፈላቸው ገበሬዎች ልጆች በቋንቋቸው ሊያነቡአቸው አልቻሉም።

የወሎ ረኃብ በ1965ና በ1966 ዓመተ ምሕረት ሕግን፥ መሣሪያንና መከራን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። ገበሬው ሲሞት ሹማምንቱ ነገሩን ሸፈኑት። በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ አገር ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ፊልም ግን ዓለሙን አስደነገጠ፤ ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፥ በማግስቱ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ የቦረናው ጭሰኛና ባለ ርስት በአንድ ቀን ስማቸው ተለወጠ። ይሁንና ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1977፥ ረኃቡ በወሎ ተመለሰ። ሕግ መሬቱን ሰጠ፤ በሬውን፥ ዘሩንና መንገዱን ግን አልሰጠም፥ ጦርነቱንም አላስቀረም። ዙፋኑ የወረደበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ በአንድ የለጋምቦ ቤት ጐተራ ውስጥ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከመከራው ጋር ድሉም ሳይጻፍ ቀርቷል። ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1963 የተጀመረው ዘመቻ ከባድ አገር ገጠመው፤ ክትባት ይዘው በእግርና በበቅሎ ገደል የወረዱ ሠራተኞች መንደር ለመንደር ዞሩ፤ በነሐሴ 1968 በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ተገኘ። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት እልቂትም በክትባት እየተገፋ ሄዶ በ2003 ዓመተ ምሕረት ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። አያቶችን የጨረሱ ሁለት ጠላቶች ተሸነፉ፤ ለዚህ ድል ግን በወሎ ደጋ የቆመ ሐውልት የለም፥ የከታቢዎቹንም ስም የመዘገበ ዜና መዋዕል የለም። አንድ አምባ ለያዘ ሰው ስንት ገጽ እንደሚጻፍ ያየ አንባቢ፥ ይህን ሲመለከት ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ይፈርዳል።

ይህ ሁሉ ነቀፋ ያለ ምክር ቢቀር ከንቱ ይሆናል፤ ምክሩም አስቀድሞ ለካህናት ነው። በጥንት ዘመን የመሬት ስጦታ፥ የሽያጭና የውርስ ውል የሚጻፈው በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሕግ ታሪክ መዝገብ ናት። ከመቅደላ በ1860 የተዘረፉት መጻሕፍት፥ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ቤተ መዘክር የገቡት፥ ሲታሰቡ የሚታዘነው ስለ ሥዕላቸውና ስለ ብራናቸው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ በኅዳጋቸው የነበረው የሕዝብ ሕግም አብሮ ተሰዷል። የተረፉት ግን ዛሬም በየደብሩ ዕቃ ቤት አሉ። በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና ደዌ በገባ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፥ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ታዘዙ፥ የትንሣኤ ቅዳሴም በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሕግ፥ መሣሪያና ደዌ በአንድ ሰሙነ ሕማማት ሲገናኙ ይህ ትውልድ በዐይኑ አየ። በቦረና፥ በወግዲና በሳይንት አብያተ ክርስቲያናት ያን ወራት የጻፈው ማን ነው? መልስ ካልተገኘ፥ የድሮ ጸሐፊዎችን ለመንቀፍ ያለው ድፍረት ይቀንሳል።

ለተማረውም ሰው ምክር አለ። የመካነ ሰላም መምህር ተማሪዎቹን ከሽማግሌዎች ዘንድ ልኮ፥ ዙፋን ስለ ያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ አሥራቱ፥ ስለ ማረሻው፥ ስለ ክትባቱና በዐባይ በረሃ ስላለው ንዳድ እንዲጠይቁ ቢያደርግ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ዜና መዋዕል ያልያዘውን ይሰበስባል። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነውና ይህ ሥራ ቀጠሮ አይሰጠውም። የሚጻፈውም በአማርኛ ይጻፍ፤ ከመካነ ሰላም ገበያ የሚመለሰው ገበሬ ልጁ ሲያነብለት የሚሰማው፥ ሰምቶም ይህስ እውነት ነው ወይም ይህስ እንዲህ አልነበረም ብሎ የሚያርመው መጽሐፍ ይሁን። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለነገሥታቱም ክብራቸውን አይነሣቸውም፤ ያስተዳደሩት ሕዝብ ማን እንደ ነበረ ሲታወቅ መልካሙም ክፉውም ሥራቸው በትክክል ይመዘናልና። ለዚህ ሥራ የሚነሡትን ሁሉ እግዚአብሔር ያበርታቸው።